ስምንት ፌርማታ ቆሜ

ልጅ ሳለሁ አባቴና አንድ የባቡር ሠራተኛ ወዳጁ ጓሮ በር ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። የሰውየው ስም ጠፍቶብኛል፤ ድምፁ ግን ጎርናና ነበር።

«ሕጉ ላይ ተጽፏል እኮ» ይላል። «ከኋላ ባዶ ወንበር ከሌለ ጥቁርን ከመቀመጫው ማንም አያስነሳውም። በትራም ጊዜ አንሳፈርም ብለን አንድ በጋ ሙሉ በእግራችን ሄደን ነው ያስጻፍነው።»

«ታዲያ ማን አነበበው?» አለው አባቴ። ሌላም ነገር ተባብለዋል፤ ረስቼዋለሁ።

ያቺ መስመር ግን አልለቀቀችኝም። አድጌ የጠበቆች ሕንፃ ጠራጊ ስሆን፣ ሊጣል ከወጣ ክምር ውስጥ የከተማችንን የሕግ መጽሐፍ አገኘሁ። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው፤ ጣቴን በቃላቱ ላይ እያስኬድኩ ስፈልግ ከረምኩና አገኘኋት። እውነትም ነበረች። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ሹፌር «ተነስ» ቢለኝ የምመልሰውን በልቤ ሳዘጋጅ ኖርኩ።

ቀኑ ኅዳር ውስጥ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጣ። አውቶቡሱ ጢም ብሏል። እኔና እህት ዜልማ ፔቲዌይ የነጮቹን ቦታ ከእኛ ከሚለየው ሰሌዳ ቀጥሎ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ዜልማ ልብስ አጣቢ ናት፤ በቤተ ክርስቲያናችን በማስተምረው የሰንበት ትምህርት ላይ የምታንኮራፋውም እሷ ናት። አንድ ነጭ ተሳፈረ። ሹፌሩ መጣና ሰሌዳውን ነቅሎ ከኋላችን ሰካው። ሳንነቃነቅ የነጭ ቦታ ላይ ተገኘን። ነጭና ጥቁር በአንድ ረድፍ ስለማይቀመጡ፣ ለአንድ ሰው ሲባል ሁለታችንም መልቀቅ ነበረብን።

«ተነሱ!»

ተነሳሁ። ያ ሁሉ የተዘጋጀ ቃል አፌ ውስጥ ደረቀ። ዜልማ አልተነሳችም፤ ፖሊስ መጥቶ ወሰዳት። እኔ ከጣሪያው የተንጠለጠለውን መያዣ ጨብጬ ስምንት ፌርማታ ቆሜ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሚስቴ ለኤታም እንኳ።

በዋስ በወጣች በመጀመሪያው እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ቆሞ ተቀበላት። መጋቢው ከፊት አስቀመጧት። እኔ በር ላይ የመዝሙር መጽሐፍ ሳድል ለእሷም ሰጠኋት፤ ማንበብ አትችልምና ቁልቁል ገልብጣ ያዘችው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ቤት ስገባ ኤታ የኮክ ኬክ ከምድጃ ታወጣለች።

«ለማን ነው?»

«ለዜልማ።»

«እኔ የኮክ ኬክ ከቀመስኩ ስንት ጊዜዬ ነው?»

«አንተም ታሰርና እጋግርልሃለሁ» ብላ ሳቀች። «ቀናህ እንዴ ለሙኤል?»

«እኔ? በልብስ አጣቢ?»

ቀንቻለሁ እንጂ። ስጸልይ እንኳ ቅናቱ አብሮኝ ይንበረከካል። ጌታ ሆይ፣ ሕጉን የማውቀው እኔ፤ ለምን እሷን መረጥህ?

በሁለተኛው እሑድ ወጣቱ ጠበቃችን ብራድሾው ከአምልኮ በኋላ ጉባኤውን አነጋገረ። «ሹፌሩ ከኋላ ባዶ ወንበር ነበረ ብሎ ምሏል» አለ። «ከነበረ እህት ዜልማ ጥፋተኛ ናት። ካልነበረ ትእዛዙ ራሱ ከሕግ ውጭ ነው። አጠገቧ የነበረ ሰው ተነስቶ ቆሞ ሄዷል ይባላል። ወንበር ቢኖር ይቀመጥ ነበር፤ እሱ ቢገኝ ማስረጃችን ነው። ማን እንደሆነ ግን እህት ዜልማ አላስታውስም ትላለች።»

ዜልማ ጫማዋን ትመለከታለች። ይሄ ደግሞ ይባስ አቃጠለኝ፤ ክብሩን መውሰዷ ሳያንስ አሁን ደግሞ ልታዝንልኝ!

ሰኞ ጓሮዋ ሄድኩ። አንሶላ እየቀቀለች በረጅም እንጨት ታማስላለች።

«ለምን ዋሸሽ?»

«ሰው ፊት ሰው አታዋርዱ ያልከን አንተ አይደለህ?» አለችኝ። «ምነው? ሁልጊዜ እኮ አላንኮራፋም።»

«ያቺን መስመር ሳታውቂ እንዴት ደፈርሽ?»

«የምን መስመር?» እንጨቱን አቆመችው። «ወንድም ለሙኤል፣ እውነቱን ልንገርህ? እኔም ልነሳ ነበር። ዘንቢሌን ሁሉ አንስቼ ነበር። ያን ሁሉ የምታስተምረን ሰውዬ ባርኔጣህን አውልቀህ ‹እሺ ጌታዬ› ስትል ሰማሁ። ንዴቴ! በሹፌሩ እንዳይመስልህ፤ በአንተ ነው። በንዴት እዚያው ቀረሁ።»

እሷ ወደ አንሶላዋ ተመለሰች።

ከዚያ ወደ ጠበቃው ቢሮ ሄጄ ቆሞ የሄደው ሰው እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት።

«የከተማው ጠበቃ ‹አንተስ ለምን ታዘዝክ?› ይልዎታል» አለኝ። «ጉባኤው ሁሉ እየሰማ።»

«ስለ ሕጉ መስመር ልናገር? በቃሌ አውቃታለሁ።»

«የለም፣ ወንድም ለሙኤል። ሕጉን ለእኔ ይተዉት። እርስዎ ተነሳሁ፣ መቀመጫ ፈልጌ አጣሁ፣ ቆሜ ሄድኩ ይበሉ። ከዚያ አንድም ቃል አይጨምሩ። ደግሞ ሚስትዎ ከሰው ከምትሰማ፣ ዛሬውኑ እርስዎ ይንገሯት።»

የችሎቱ ቀን ሐሙስ ነበር። በችሎት ቃል ላለመጨመርም፣ ለኤታ ለመንገርም፣ ሁለቱንም እሺ አልኩት።