ሁለት ግራም

አኬሎ ልጇን ከተንጠለጠለው ሚዛን ሳታወርድ ቀና ብላ መርፌውን አየችና ሳቀች። ሲስተር ፍቅርተ መቲ ዳር ባለችው ክሊኒክ ሦስት ዓመት ስትሠራ፣ ልጇ ከስቶ የምትስቅ እናት አጋጥሟት አያውቅም። መርፌው ስድስት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ላይ ቆሟል።

"ወረደ" አለች አኬሎ። "ወንድሜ ኦቻንግ እውነት ተናገረ።"

ፍቅርተ ሴትዮዋ ያቀበለቻትን ወረቀት ዘረጋች። የዛሬ አምስት ቀን ኢታንግ ካለ የርዳታ ጣቢያ የተጻፈ ነው። ኦባንግ፣ ዕድሜ አንድ ዓመት ከአራት ወር፣ ክብደት ሰባት ኪሎ። ለቁመቱ የተሰመረለት መስመርም ሰባት ኪሎ ነበር። ፋፋና ዘይት የሚሰጠው ከመስመሩ በታች ለሆነ ሕፃን ነው፤ መርፌው ልክ መስመሩ ላይ ስለቆመ ኦባንግ አይገባም ተባለ። እናቱ በማግስቱም ሄዳ ብትለምን መልሱ ያው ሆነ።

ወንድሟ ኦቻንግ ጋምቤላ ከተማ ሳይንስ ያስተምራል። መሬት ሁሉን ነገር ወደ ራሷ እንደምትስብ፣ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ግን ስበቷ እንደሚላላ፣ ኢታንግ ሜዳ ላይ የተመዘነ ነገር መቲ ከፍታ ላይ ሲመዘን እንደሚቀል ነገራት። አኬሎም ሁለቱን ልጆቿን ጎረቤት ጋ ጥላ ኦባንግን ታቅፋ ተነሣች።

"ምን ያህል እንደሚቀንስ ነግሮሻል?" ፍቅርተ ጠየቀች።

"ትንሽ አለ። እኛም የፈለግነው ትንሽ ነው።"

ፍቅርተ ወረቀቱን ስትገለብጠው ጀርባው ላይ በእርሳስ የተሠራ ሒሳብ አገኘች። መጨረሻው ላይ "ሁለት ግራም" ተብሎ ከሥሩ ተሰምሮበታል። መምህሩ አልዋሸም። ሕጉ ከመስመር በታች ካለ ሁለት ግራምም በታች ነው ብሎ አስልቷል፤ የቸገረው ሰው ከሕግ ጋር የሚከራከረው እንዲህ ነው። የክሊኒኩ ሚዛን ግን ከመቶ ግራም በታች አይቆጥርም። ሁለት ግራም ማለት ደግሞ አንድ ቁንጥር ጨው ናት። የቀረውን የወሰደው መንገዱ ነው፤ አራት ቀን ጭነት መኪና ላይ፣ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ከማያባራ ተቅማጥ ጋር። ፍቅርተ የሕፃኑን የሆድ ቆዳ ቆንጥጣ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ።

ቀስ ብላ አስረዳቻት። ተራራው ምንም አልቀነሰለትም፣ ልጁ ራሱ ነው ያለቀው አለቻት። የአኬሎ ፈገግታ ጠፋ።

"ስንወርድ ክብደቱ አይመለስም?"

"አይመለስም።"

አኬሎ ልጇን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

"እሺ። ስድስት ኪሎ ከስድስት መቶ ብለሽ ጻፊልኝ። አሁን ኢታንግ እምቢ አይሉም።"

የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ አሸብርም ያዘዘው ይህንኑ ነበር። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከሕመሙ በፊት የሚጠየቀው ወረዳ ነው። ከሌላ ወረዳ የመጣ ተመዝኖ፣ ወረቀት ተሰጥቶት ወደመጣበት ይመለሳል። አሸብር ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚላክለት ፋፋ ለወረዳው ሕፃናት እንኳ አይዳረስም።

ፍቅርተ ጻፈች። ስድስት ኪሎ ከስድስት መቶ፤ ከኢታንግ ወረቀት ጋር ይታይ። ፈረመች፣ ማኅተም መታችበት። ማንም የማይነቅፈው ወረቀት ነው፤ ይዞት የሚደርስ ልጅ ካለ። ኦባንግ ከሚዛኑ ሲወርድ አለቀሰ። አፉን ከፍቶ፣ ፊቱን አጨማድዶ አለቀሰ፣ ዓይኑ ግን ደረቅ ነበር፤ ሰውነቱ ለእንባ የሚሆን ውኃ አጥቷል። ፍቅርተ በፊርማዋ አፈረች። ወረቀቱን ለሁለት፣ ከዚያም ለአራት ቀደደችው።

አኬሎ ክንዷን ለቀም አድርጋ ያዘቻት።

"ምን አደረግሽ? የልጄን ሥጋ ነው የቀደድሽው።"

"እዚህ ይተኛል። አራት ቀን መንገድ ከደገምሽ ኢታንግ የሚደርሰው ሬሳው ነው።"

አኬሎ አላመነቻትም። ተንበርክካ ቁርጥራጩን ከወለሉ ላይ ትለቅም ጀመር፤ ማኅተሙ ያለበትን አስቀድማ አነሣች። ከጎን ክፍል አሸብር ምን ተፈጠረ እያለ ወንበሩን ሲገፋ ተሰማ። ፍቅርተ በሩን ዘጋችው። መዝገቡን ገለጠችና ኦባንግ ብላ ጻፈች፤ የመኖሪያ ቦታ በሚለው ሥር የራሷን ቀበሌና የራሷን የቤት ቁጥር አሰፈረች።