አርባ አንድ ጊዜ የተሳሳተችው ልጅ

መምህርቷ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሒሳብ ስታስተምር ጣቷ ከጠመኔ ተለይቶ አያውቅም። ተማሪዎቿ ከጀርባዋ «እትዬ ጠመኔ» ይሏታል፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ዘንድሮ ግን ትምህርት ቤቱ ለስድስተኛ ክፍል ልጆች በሙሉ ታብሌት አደለ። ልጆቹ ጥያቄውን እዚያው ላይ ይሠራሉ፤ ማሽኑ ራሱ ያርማል፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ማን ስንት እንዳገኘ ለመምህርቷ ሪፖርት ያወጣል። ያገኘ በአረንጓዴ፣ የሳተ በቀይ።

በሦስተኛው ሳምንት ርዕሰ መምህሩ ቢሮው አስጠራት። እሱንም በልጅነቱ ያስተማረችው እሷ ናትና፣ ሰው ከሌለ አንተ ትለዋለች።

«እትዬ፣ ይቺን ልጅ ወደ ማጠናከሪያ ክፍል ብናወርዳት ምን ይመስልዎታል?» አለና ሪፖርቱን አሳያት። «አንድ ጥያቄ አርባ አንድ ጊዜ ሳተች። ግማሽ ሲደመር ሲሶ!»

ልጅቷ ከኋላ መስኮቱ ጥግ የምትቀመጠው ናት፤ ቃል ከአፏ ስለማይወጣ ጓደኞቿ «ጭጭ» የሚሏት። መምህርቷ ወረቀቱን እያገላበጠች ብዙ አየችው። የሰነፍ ልጅ ስህተት ታውቃለች፤ ሁለት ሦስቴ ሞክሮ ይተወዋል። አርባ አንድ ጊዜ የሚሳሳት ሰነፍ ግን አይታ አታውቅም።

«እስከ ሰኞ ታገሠኝ» አለችው። «የሆነ ነገር አለ እዚህ ውስጥ።»

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እትዬ» ብሎ ሳቀ። «ይሁን፣ እስከ ሰኞ።»

በምሳ ሰዓት ልጅቷን ባዶው ክፍል ውስጥ ብቻዋን አገኘቻት። አጠገቧ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ልቆጣሽ አይደለም የመጣሁት። ግማሽ ላይ ሲሶ ሲጨመር ስንት ይሆናል?»

ልጅቷ እንዳቀረቀረች በሹክሹክታ፣ «አምስት ስድስተኛ» አለች።

መምህርቷ ክው አለች። «ታውቂዋለሽ ማለት ነው! ታዲያ ምነው ስትሳሳቺ ከረምሽ?»

«መልሱን ሳገኝ ‹ጎበዝ› ብሎ ያልፈኛል፣ ቲቸር። የሚያስረዳኝ ስሳሳት ብቻ ነው።»

ከቦርሳዋ ጥጉ የተጣጠፈ ደብተር አወጣች። በግራ በኩል የተሳሳተችው መልስ፣ በቀኝ በኩል ማሽኑ ያላት ተጽፏል። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምራ ሁለት አምስተኛ ስትለው፣ ዳቦ ቆርጦ እያሳየ «ግማሽ ላይ ጨምረሽ እንዴት ከግማሽ ያነሰ አገኘሽ?» ብሏታል። ሲሶውን ከግማሹ ስትቀንስም ሌላ ሥዕል አምጥቷል።

«የሚያውቀው ስህተት አራት ብቻ ነው» አለች ልጅቷ፣ አሁን ድምጿ ትንሽ ከፍ ብሎ። «ሌላ ከሆነበት ‹እንደገና ሞክሪ› ይለኛል። ሌላ ያውቅ እንደሆነ ብዬ ነው አርባ አንድ የሆነው።»

መምህርቷ ደብተሩን ገጽ በገጽ ገለጠች። ስንት ሺህ ደብተር አርማለች! ስንቱ ላይ ቀይ ኤክስ አድርጋ፣ ልጁ እንዴት እንደሳተ ሳትጠይቅ አልፋለች! ያገኘውንም ቢሆን «ጎበዝ» ከማለት በቀር እንዴት አገኘኸው ያለችበት ቀን ትዝ አልላት አለ። ማሽኑን ልታማው ስትል ራሷን ያማች መሰላት።

ሰኞ ጠዋት ታብሌቶቹን አስዘግታ፣ «ዛሬ መልስ አልፈልግም፤ እንዴት እንዳገኛችሁት ንገሩኝ» አለች።

መጀመሪያ የተነሣው «ጥይቱ» የሚሉት ልጅ ነው፤ ሪፖርቱ ላይ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ የሆነው።

«ቀላል ነው ቲቸር! የታች ቁጥሮቹን ደምሬ ከላይ፣ አባዝቼ ከታች አደርጋለሁ። ሁለትና ሦስት አምስት፤ ሁለት ጊዜ ሦስት ስድስት። አምስት ስድስተኛ!»

«ለምን እንደዚያ ታደርጋለህ?»

«ይሠራላ! ማሽኑ ሁሌም ጎበዝ ይለኛል እኮ።»

መምህርቷ ጠመኔዋን አንሥታ ሁለት ሦስተኛ ሲደመር ሩብ ብላ ጻፈች። ጥይቱ ዓይኑን ሳያሽ፣ «ሰባት አሥራ ሁለተኛ!» አለ። ክፍሉ አጨበጨበለት።

ከኋላ፣ ከመስኮቱ ጥግ ድምፅ መጣ። «ሁለት ሦስተኛ ብቻውን እኮ ስምንት አሥራ ሁለተኛ ነው። ጨምረህበት እንዴት ወደ ሰባት ወረደ?»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። አንዳንዱ ድምጿን የሰማው ገና ዛሬ ነው። ጥይቱ ፊቱ ቀላ፤ በጣቱ ዴስኩ ላይ እየጻፈ አሰበ፣ ደግሞ አሰበ። መምህርቷ ይኮርፋል ብላ ስትፈራ፣ ልጁ ቀና ብሎ፣

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ሠራልኝ?» አለ።

«እሱን ነው መጠየቅ!» አለች መምህርቷ፤ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

ለዚያ ጥያቄ ሁለት ቀን ሄደበት። ማሽኑ ሲያመጣላቸው የነበረው ከላይ አንድ ያለበትን ክፍልፋይ ብቻ መሆኑን የደረሰበት ራሱ ጥይቱ ነው፤ ከላይ አንድ ሲሆን ለምን እንደሚሠራ ወረቀት አጣጥፋ ያሳየችው ደግሞ ጭጭ። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆየና የማጠናከሪያውን ክፍል ነገር ሳያነሣ ሄደ።

በወሩ መጨረሻ ፈተና ጭጭ ከአሥር ሰባት አገኘች። ሁለቱን ጥያቄ አልደረሰችባቸውም፤ አንዱን ስታስብበት ሰዓቱ አለቀባት። ጥይቱ ስምንት አገኘ፤ ከዚያ በፊት ከአሥር ወርዶ አያውቅም ነበርና ትንሽ ከፋው። በማሽኑ የዓርብ ሪፖርት ላይ የጭጭ ስም አሁንም በቀይ ነው፤ አሁን ግን ማሽኑ ምን ብሎ እንደሚያስረዳቸው ለማየት ሆን ብለው የሚሳሳቱ ሌሎች አምስት ልጆችም ቀይ ሆነዋል፤ አንደኛው ጥይቱ ነው። መምህርቷ ዓርብ ሲደርስ ወረቀቱን ይዛ ትቀመጥና፣ አረንጓዴውን ትታ፣ ቀዩን አንድ በአንድ ታነብባለች።