«ለ» የዋጠቻት «የ»

ታላቅ አክስት ከመሞታቸው በፊት ነገሩ እንዲህ ነበር። ቤቱ አራት ክፍል አለው። ለመንገዱ የቀረቡት ሁለቱ የታላቅ አክስት ናቸው። በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ታናሽ እህታቸው ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረውበታል። አራተኛው የዕቃ ማስቀመጫ ነው። ታላቅ አክስት ልጅ አልወለዱም። ታናሽ አክስት በሌላ ሰፈር ፎቅ ላይ የሚኖር አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። የሁለቱ ወንድም ቀድመው ሲሞቱ የተዉት አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ ነው።

በአጥሩ ሥር ከተደረደሩት ሰባት ጸሐፊዎች የእሱን ያህል ጠንቃቃ አልነበረም። ባልደረቦቹ «ነጠላ ሰረዝ» ይሉታል። የሰው ጽሑፍ አንሥቶ እንከን ሳያወጣለት አይመልስም። አንድ ጊዜ ጎረቤቱ ጸሐፊ «የታመመው የወንድሜ ልጅ» ብሎ የጻፈውን ባለጉዳዩ ፊት ጮክ ብሎ አነበበና፣ «ለመሆኑ የታመመው ማነው? ወንድምየው ነው ልጁ?» ብሎ አላፊ አግዳሚውን አሳቀበት።

ታላቅ አክስት ኑዛዜያቸውን ያጻፉት እሱው ጋ ነው። ከጠረጴዛው ፊት ተቀምጠው፣ «ቤቴ ለእህቴና ለወንድሜ ልጅ ይሁን» አሉ። እንዳሉት ጻፈው።

«እህቴ ገብታለች? እሷ ራሷ?»

«ገብተዋል እትዬ።»

ጥቂት ቆይተው ደግመው ጠየቁ። ከኋላቸው ሦስት ሰው ተሰልፎ ነበር።

«ሰዋሰዉን ለእኔ ይተዉት» አላቸው።

«ፊደል አልቆጠርኩም ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«እኔ ቆጥሬልዎታለሁ።»

አሻራቸውን አኖሩ፤ አራት ምስክሮች ፈረሙ። ከኑዛዜው የሚወርስ ሰው ኑዛዜውን መጻፍ እንደማይፈቀድለት ያውቃል። ስለዚህ ወደ ጎረቤቱ ጸሐፊ ዞሮ፣ «ለዛሬ ፊርማህን አውሰኝ» አለው፤ ያም «ጸሐፊ» በሚለው ቦታ ላይ ፈረመለት።

ታላቅ አክስት ኑዛዜውን ባጻፉ በአሥራ አራተኛው ወር ሞቱ። ወረቀቱን በቤተሰቡ ፊት ያነበበው የታናሽ አክስት ልጅ ነበር።

«‹ለእህቴና ለወንድሜ ልጅ› ይላል። የእህት ልጅ ማነው? እኔ። የወንድም ልጅ ማነው? አንተ። ሸጠን እንካፈላለን፤ አለቀ።»

«እንደዚያ አይደለም» አለ ጸሐፊው። «ለእህታቸው፤ ከዚያ ነጥብ አድርግ። ቀጥሎ ለወንድማቸው ልጅ።»

«ነጥቡ የታል?»

ጸሐፊው ወረቀቱን ተቀብሎ አየ። ነጥብ አልነበረም።

«እኔ የቱ ጋ ነኝ ታዲያ?» አሉ ታናሽ አክስት።

«አንቺማ እኔ ጋ ነሻ እማዬ። እወስድሻለሁ።»

«ሦስተኛ ፎቅ? በዚህ ጉልበቴ? ሬሳዬን ታወጣው እንደሆነ እንጂ እኔ አልወጣውም።»

ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም። እናቱን ከልቡ ሊወስድ ፈልጓል። ደግሞም ያነበበው የተጻፈውን ነው።

ጸሐፊው ቤቱ ገብቶ ነገሩን በባዶ ወረቀት ላይ ፈተነው። «የእህቴ ልጅ» ብሎ ጻፈና ከፊቱ «ለ»ን ጨመረ። «ለየእህቴ ልጅ» የሚል ሰው የለም፤ «ለ» ስትመጣ «የ»ን ትውጣታለች። ስለዚህ ቤቱ ለእህትየዋ ነው ማለት ሲፈልግም፣ ለእህትየዋ ልጅ ነው ማለት ሲፈልግም የሚወጣው ያው «ለእህቴና ለወንድሜ ልጅ» ነው። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ከላይና ከታች አድርጎ ፊደል በፊደል አመሳከራቸው። ልዩነት የላቸውም። ጆሮው እስኪግል ድረስ አፈረ። ማንም ተራ ጸሐፊ «ለእህቴ ለራሷ» ብሎ በአንዲት ቃል ይገላገለው ነበር።

የአክስቱ ልጅ ክስ መሠረተ። ከቀጠሮው በፊት አሥራ አንድ ቀን ነበር፤ በአሥሩ ቀን ጸሐፊው ጽሑፉ የእሱ መሆኑን ለማንም አልተናገረም። በየትኛውም ንባብ ግማሹ ቤት የእሱ ነው። ጻፍኩት ካለ ግን ድርሻውም የሥራ ፈቃዱም ይሄዳል።

በችሎቱ ኮሪደር ጎረቤቱ ጸሐፊ እጅጌውን ያዘው። «እኔ ምን ልበል? ሴትዮዋን እኮ በቅጡ አላየኋቸውም።»

«የነገሩኝን ጻፍኩ በል» አለው ጸሐፊው።

ይህን ሲል ታናሽ አክስት ሁለት ክንድ በማትሞላ ርቀት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ሰምተው ቀና አሉና ፈገግ አሉለት። ነገሩ አልገባቸውም ነበር።

ዳኛዋ «ይህን የጻፈው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ጎረቤቱ ጸሐፊ ግማሽ ተነሣ። ጸሐፊው ቀደመው።

«እኔ ነኝ የተከበሩ ዳኛ። ፊርማው የእሱ ነው፤ ጽሑፉ የእኔ ነው። ሟች ያሉት ለእህታቸው ለራሳቸው ነው።»

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» አለ የአክስቱ ልጅ ከጎን።

«ይህን በማለትህ የራስህን ድርሻ እንደምታጣ ታውቃለህ?» አሉ ዳኛዋ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን ለይተህ አልጻፍክም?»

«ሟች ጠይቀውኝ ነበር። ሁለት ጊዜ።»

«ምን አልካቸው?»

«ሰዋሰዉን ለእኔ ይተዉት አልኳቸው።»

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ። አሁን መሳቂያ የመሆን ተራው የጸሐፊው ነው። ጸሐፊው ዞሮ አላየም።

ሲወጡ ታናሽ አክስት ክንዱን ተደገፉ። «ስለ እኔ ብለህ ድርሻህን ሰጠህ» አሉት።

«ኧረ እትዬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«የማያጠፋ ማን አለ?»

ቢሰድቡት ይቀለው ነበር። ስለ አሥሩ ቀን ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ ደረጃው ጋ ደርሰው ስለነበር፣ «ቀስ ይበሉ» አለ ብቻ።

ውሳኔው በአምስተኛው ሳምንት ተነበበ፤ አንድ ገጽ ከስድስት መስመር ነበር። ቃሉ ከሟች ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ለኖሩት ለእህታቸው ለራሳቸው ነው ተብሎ ተተረጎመ። የጸሐፊው ድርሻ ተሰርዞ ወደ እሳቸው ስለዞረ አራቱም ክፍል የታናሽ አክስት ሆነ። የጸሐፊው ፈቃድ ለስድስት ወር ታገደ፤ የጎረቤቱ ለሦስት።