የተገለበጠው የአምባ ጽጌ መሐላ

ክፉ ነገር ሁሉ በክፉ መልክ ቢመጣ ኖሮ፣ ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፣ ከአዳም ልጅ ማን ይስት፣ ማንስ ይጠፋ ነበር? ጅብ በጅብነቱ ሲመጣ በር ይዘጋበታል፤ ጐርፍም እያጓራ ሲወርድ ከሩቅ ተሰምቶ ይሸሹታል። ነገር ግን መዓዛው ያማረ፣ ጣዕሙም የጣፈጠ ጥፋት በምርቃት ታጅቦ፣ በሳቅና በፍሥሐ ተከቦ ከወዳጅ እጅ ሲቀርብ፣ ጠቢቡም ከሰነፉ እኩል እጁን ይዘረጋል። ይህን የምለው በከንቱ አይደለም፤ የአምባ ጽጌን ነገር ስለ ሰማሁ ነው።

አምባ ጽጌ በቀደመው መዋዕል ንቦቿ የበዙ፣ ምንጮቿ የጠሩ፣ ሰዎቿም ደጋግና ለጋስ የሆኑ አገር ነበረች። በአያቶች ዘመን ጠጅ የሚጣለው ለታላቅ በዓል ብቻ ነበር፤ በአባቶች ዘመን ለሐዘን ማስረሻ ተፈቀደ፤ በልጆች ዘመን ደግሞ ለበሬ መገዛትና ለበሬ መሸጥ፣ ለዝናብ መምጣትና ለዝናብ መቅረት ይጠጣ ጀመር፤ በመጨረሻም ያለ ምክንያት የሚጠጣን ሰው ምክንያቱን መጠየቅ ነውር ሆኖ ተቈጠረ። አረቄው ጠጁን ተከተለ፤ ጐበዛዝቱም ቀን ጫት እየቃሙ፣ ዕፀ ፋርስ እያጨሱ በጢሱ ውስጥ የሌለ ከተማ ሲገነቡ ውለው፣ ሲመሽ በአረቄ ያፈርሱት ነበር። አገሪቱ በቀትር ያንቀላፋች መሰለች፤ ዳኛው በችሎት ላይ ሕልም ያያል፣ ከሳሽና ተከሳሽ ተደጋግፈው ያሸልባሉ፣ በማሳው ዳር በተጣለው ሞፈር ላይ ሐረግ ይጠመጠምበታል። አየሩ ራሱ ማር ማር ይሸት ስለ ነበር፣ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ሳይጠጣ እግሩ ይከብደው ነበር ይባላል።

የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ቃለ ክርስቶስ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው «ሕዝቤን ምን ነካብኝ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ባለርስቱ በነጋዴው፣ ነጋዴው በጠጅ ጣዮቹ፣ ጠጅ ጣዮቹ በጐበዛዝቱ አመካኙ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! በዚህ ጊዜ ነጋሪት ተጐሰመና «ያልሰማህ ስማ! ከበዓል ቀን በቀር የሚያሰክር የቀመሰ ይቀጣል!» ተባለ። ወይ አዋጅ! ወሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢያገላብጡት ጻድቅ ወይም ሰማዕት የማይታሰብበት ዕለት አልተገኘምና፣ ዱሮ የደብሩን ታቦት ስም የረሳው ሰካራም ሁሉ በአንድ ጀምበር በዓል አክባሪ ሆኖ ዐረፈው። አዋጁን ያሰማው ነጋሪት መቺ እንኳ የዕለቱን ጻድቅ ሲዘክር ውሎ፣ ነጋሪቱን ተንተርሶ ተኝቶ ተገኘ።

በዚህች አገር በጠጅ አጣጣላቸው የተመሰገኑ፣ እመት ሥርጉት የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ጠጁ መድረሱን የሚያውቁት ቀምሰው አልነበረም፤ ጆሮአቸውን ከጋኑ ሆድ አስጠግተው፣ ውስጡ የሚያሰማውን ሹክሹክታ አድምጠው ነበር እንጂ። አንድ ልጃቸው ይባቤ በአንደበቱ ርቱዕነት የታወቀ ጠበቃ ነበር፤ ነገር ግን ያስፈረደለት ሰው ሁሉ ምስጋናውን በጠጅ ይከፍለው ስለ ነበር፣ ድሉ እየበዛ በሄደ መጠን ዐይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ አበጠ፣ ያ ርቱዕ አንደበትም ተኰላተፈ። እናቱ ከአንድ ገዳም ጠበል ወስደው፣ ክረምቱን ሙሉ ከራስጌው ሳይለዩ አስታመሙት። መስከረም ሲጠባ ዐይኑ ጠርቶ፣ እናቱን በስማቸው ጠርቶ ተነሣ። የገዳሙ መምህር ሲያሰናብቷቸው «እመት፣ ልጅዎ ከሞት ደጃፍ ተመልሷል፤ ከእንግዲህ አንዲት ብርሌ ብትሆን ወደዚያው ትመልሰዋለች» አሏቸው።

እንግዲህ የአምባ ጽጌ ሰው ብቻ የሚሠራውን ስሕተት ተመልከት! ይባቤ መጠጥ ስለ ተወ ደስታ ሆነ፤ ስለ ደስታውም ድግስ ተደገሰ፤ ድግስ ያለ ጠጅ ነውር ነውና ጠጅ ተጣለ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንዲሉ፣ ዘመድ አዝማድ «እስቲ እጅሽን አሳዪን» ባላቸው ጊዜ እመት ሥርጉት በዕድሜያቸው ጥለው የማያውቁትን ምርጥ ጠጅ ጣሉ፤ ለልጃቸው ግን ጌሾ ያልነካው ብርዝ በትንሽ እንስራ ለይተው አኖሩለት። ይህ ይበቃል ብለው አሰቡ፤ የእናት ልብ ሞኝ ነው።

በድግሱ ዕለት የቀትር ፀሐይ በዳሱ ቅጠል መካከል ሾልኮ፣ በየብርሌው አልፎ፣ የእንግዶቹን ፊት ወርቅ ቀባው፤ ዘፈኑም ሳቁም ከውኃ በታች እንደሚሰማ ድምፅ ረግቦና ለስልሶ ይንሳፈፍ ነበር። በዚያ መካከል የይባቤ የአባቱ ወንድም፣ እንደ ልጃቸው ያሳደጉት ግራዝማች ላቀው፣ ብርሌ አንሥተው ቆሙ። «ልጄ ይባቤ፣ ከሞት ተመልሰህ በዐይኔ አየሁህ፤ እሰይ! ይህችን አንዲት ከእጄ ተቀበለኝ፤ በሞቴ!» አሉት። በዚያ አገር በሞቴ ያለን ሰው እምቢ ማለት ሞቱን መመኘት ነው። ስለዚህ ከየአቅጣጫው «ኧረ በሞታቸው እኮ ነው!»፣ «የሽማግሌ መሐላ አይጣልም!» የሚል ድምፅ ተነሣ፤ አንድም ክፉ ሰው በዳሱ ውስጥ አልነበረም፣ ሁሉም የሚለምነው ከፍቅር ነበር። ይባቤ ብርዙን አኖረና ብርሌውን ከአጐቱ እጅ ተቀበለ።

ያን ጊዜ ለእመት ሥርጉት የዳሱ ድምፅ ሁሉ ጠፋ፤ የተሰማቸው ከብርሌው አፍ የሚወጣው፣ በጋኑ ሆድ ሲያደምጡት የኖሩት ያ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ዕድሜያቸውን በሙሉ «ደርሻለሁ» የሚላቸው ይመስላቸው ነበር፤ ለማን እንደሚደርስ ግን አንድም ቀን አልጠየቁትም። ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ይባቤ! በሞቴ አትጠጣ!»

እንግዶቹ ሁሉ ወደ እርሳቸው ዞሩ። በአምባ ጽጌ በሞቴ ብላ፣ በሞቴ ጠጣ ይባላል እንጂ፣ በሞቴ ተው ሲባል ተሰምቶ አያውቅም ነበር። ግራዝማች ፊታቸው ጠቈረ። «ሥርጉት፣ በሰው ፊት መሐላዬን አፈረስሽብኝ፤ ሞቴን ወደድሽን?» አሉ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ እርሱ ባይጠጣም በሕይወት ይኖራሉ፤ እኔ ግን እርሱ ከጠጣ ሟች ነኝ። ጠጁን የጣልሁት እኔ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው» አሉና እመት ሥርጉት ወደ ጋኑ ሄደው፣ በሁለት እጃቸው ገፍተው ገለበጡት። ያ የዕድሜያቸው ምርጥ ጠጅ በሣሩ ላይ ፈሰሰ፤ እንግዶቹም እግራቸውን ሰብስበው ተመለከቱት። ይባቤ ግን እናቱን እንጂ ጠጁን አላየም፤ ብርሌውን ሳይቀምስ ለአጐቱ መለሰ። የሽማግሌው እንባ ጢማቸው ላይ ወረደ፤ ጠጁን በመሬት አፈሰሱና «በይ እንግዲያው፣ ለእኔም ከልጄ ብርዝ ቅጂልኝ» አሉ።

ወዲያው ንቦች መጡ። በአንድ፣ በሁለት፣ ኋላም በመንጋ እየሆኑ፣ ማራቸውን ሊያስመልሱ እንደ መጡ ባለቤቶች በረጠበው ሣር ላይ ሰፈሩ፤ እንግዶቹም ጀምበር እስክታዘቀዝቅ የንቦቹን ዝማሬ እየሰሙ፣ ከዚያች እንስራ ብርዝ እየተካፈሉ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ሳይሰክሩ ተጫወቱ። ስካር ከአምባ ጽጌ በዚያ ቀን ጠፋ ብል ዋሾ እባላለሁ፤ የለመደ ጉሮሮ እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። ሆኖም ያ የተገለበጠ መሐላ ከዳስ ወደ ዳስ ተዛመተ፤ ሚስት ለባሏ፣ እኅት ለወንድሟ፣ ባልንጀራም ለባልንጀራው «በሞቴ ተው» ይል ጀመር፤ ይባቤም ዳኛው ባልተኛበት ችሎት ደጋግሞ ተሟገተ፣ እናቱንም ዕድሜ ጠግበው ሲሞቱ በእጁ ቀበረ። ነጋሪት ያላስጣለውን ጽዋ ያስጣለችው አንዲት እናት ናትና፣ ጽዋ ማቀበልን እንጂ እጅ መያዝን ያልተማረ ፍቅር እየሳቀ መቃብር የሚቈፍር ወዳጅ ነው።