ከአንገት የወረደ ፍላሽ

ላሊበላ ውስጥ ሞባይልና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሰው መክሬው "እሺ፣ ነገ" ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ዓይናዲስ ደግሞ "ከገና በኋላ" አለችኝ።

ዓይናዲስ የመሪጌታ ምስጋኑ ልጅ ናት፤ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆና ትሠራለች። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው ጉሮሯቸውን ከታመሙ ወዲህ ከሹክሹክታ በቀር ድምፅ የላቸውም። ደግነቱ ሳይታመሙ በፊት ቀድታቸው ነበር። ያ ሁሉ ዜማ ያለው እሷ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ገና ድምፃቸው ሳይጠፋ ሌላ ቅጂ ላስቀምጥ ብዬ ብለምናቸው እምቢ አሉ። ዜማ የፈለገ መጥቶ ፊታቸው ተቀምጦ ከአፋቸው ይቀበል እንጂ፣ እንደ እኔ ባለው ሞባይል ቤት ከዘፈን ጋር እየተጫነ አይዞርም አሉ። እርግጥ ዘፈን እጭናለሁ። ፊት ለፊት ሲነግሩኝ ግን ደስ አላለኝም።

ላፕቶፑን ያመጣችልኝ ባትሪው አስቸግሯት ነው። ሳየው ዋይፋዩን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨር የምንለው፣ አርጅቷል። ኔት ተቋርጦ ከርሞ ሲመለስ ዳታ እንዳይበላብን ብለን ብዙዎቻችን ማዘመኛውን ዘግተን ቀርተናል፤ እሷም እንደዚያው። የእሷ ድራይቨር ቀዳዳ ተገኝቶበት አምራቹ መድፈኛውን ካወጣ ቆይቷል። ልጫንልሽ ስላት ሥራ በዝቶብኛል፣ ደግሞም ከማንም ዋይፋይ ጋር አልገናኝም አለች።

ስህተቷ እዚህ ላይ ነው። ዋይፋዩ ካልጠፋ ላፕቶፑ ባይገናኝም አካባቢውን ሲያዳምጥ ይውላል። ድራይቨሩ ቀዳዳ ካለበት፣ ቅርብ የተቀመጠ ተንኮለኛ የተበላሸ መልእክት ልኮ በዚያው ይገባል። የይለፍ ቃል አያስፈልገውም፣ ፈቃድም አይጠይቅ። ይህን ሁሉ አስረድቼ፣ ቢያንስ ዋይፋዩን አጥፊው አልኳት። ማን ሰምቶኝ።

በገና ሰሞን ሆቴሉ እስከ አፍ ገደፉ ሞላ፤ ላፕቶፑም ከእሷ ጋር ሎቢው ውስጥ ተከፍቶ ይውላል። በበዓሉ ማግስት ዓይናዲስ ላፕቶፑን አቅፋ ሱቄ መጣች። ፋይሎቹ በሙሉ ተቆልፈዋል፤ ስክሪኑ ላይ ክፈሉ የሚል ማስፈራሪያ አለ። የሰው ፍላሽ አልሰካችም፣ ኔት ውስጥ አልገባችም። ከዋይፋዩ ሌላ መግቢያ ፈልጌ አጣሁ። ማን እንዳደረገው ግን በምን ይታወቃል፣ ሎቢው በእንግዳ ተሞልቶ ነው የሰነበተው።

የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ፤ አልተከፈተም። ተናድጄ ብዙ ተናገርኳት። እሷ አታለቅስ፣ አትመልስ፣ መሬት መሬት ታያለች። ደንግጣ ነው ብዬ ተውኳትና ለአባቷ ብቻዋን እንዳትነግር አብሬያት ሄድኩ።

መሪጌታ አልጋቸው ላይ ደገፍ ብለው ሰሙን። በሹክሹክታም፣ "በሩን ሳንከፍትለት እንዴት ገባ?" አሉ።

"በሩ አርጅቶ ነበር የኔታ። ሳንጠግነው ቀረን።"

እጃቸው ወደ ጉሮሯቸው ሄደ። አንጀቴን በሉት።

ያን ጊዜ ዓይናዲስ ተንበርክካ ማተቧን ከአንገቷ አወጣች። ከመስቀሉ ጎን ትንሽ ፍላሽ ታስሯል።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ትእዛዝዎን ጥሼ ቀድቼው ነበር።"

ለካ መሬት መሬት የምታየው ለዚህ ነው። ያን ሁሉ ስለፈልፍባት ዝም ማለቷ አበሸቀኝ፤ ደስታዬ ግን ከብሽቀቴ በለጠ። መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ፤ ፍላሹን ፈታ መዳፋቸው ላይ አኖረችው። ይወረውሩታል ብዬ ፈራሁ። አገላብጠው አገላብጠው አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ደርበው፣ ያለው ይኸው ብቻ ነው?"

"ይኸው ብቻ ነው የኔታ።"

"እንግዲያው ሌላም ቅዳ። ዘፈን የሌለበት ላይ።"

ሱቄ እንደተመለስኩ መጀመሪያ የራሴን ኮምፒውተር ዋይፋይ አጠፋሁ። ከዚያ አዲስ ፍላሽ ላይ ቀዳሁና በትክክል መገልበጡን ለማየት ከፈትኩት። መሪጌታ በዚያ በድሮ ድምፃቸው ሱቁን ሞሉት። ዘፈን ሊያስጭን የመጣ አንድ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ።