የኮሚሳሪዮው ከንፈር

ሰውየው በፖስተር ላይ ዳን ሆልስተን ይባላል። አሜሪካዊ እንዳይመስላችሁ። ፍሮዚኖኔ የምትባል የጣሊያን ከተማ የአይብ ነጋዴ ልጅ ነው፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ሳንቴ ፕሮካቺ ነው። ግን ሽጉጡን ሲመዝ፣ በአልፋ ሮሜዮ መኪናው ደረጃ ለደረጃ እየነጠረ ሲወርድ፣ ማጅራት መቺውን በጥፊ ሲያጠናግረው፣ ሲኒማ ቤቱ በሙሉ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። በዚያን ጊዜ ሮማ ውስጥ ባንክ በጠራራ ፀሐይ ይዘረፋል፣ ሰው ከመኪናው ውስጥ ይታፈናል፤ እኛ ጋዜጣችንን አንብበን አጥፈን እናስቀምጣለን። በፊልሙ ላይ የሚሆነው የፖሊስ አዛዥ፣ ኮሚሳሪዮው ግን ዳኛም አይጠብቅ፣ አለቃም አይፈራ፣ የሁላችንንም እልህ ይወጣልናል። ወንዱ ከሲኒማው ሲወጣ የጃኬቱን ኮሌታ አቁሞ፣ መንገድ የሚዘጋበት ሰው እየፈለገ ነው። ሴቱንማ ተዉት።

ድምፁ ግን የኔ ነው። ፊልሙ ሲነሳ ድምፅ አይቀዳም፤ ኋላ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆመን ድምፅ የምናለብሰው እኛ ነን። ሳንቴ በገዛ አፉ «እጅ ወደ ላይ!» ቢል ፍየሉን የሚጠራ ነው የሚመስለው። ስድስት ፊልም ሙሉ ወንድ ያደረግኩት እኔ ኤልቪዮ ነኝ፣ አጭሩ፣ ራሰ በራው፣ መንገድ ላይ ማንም ዞር ብሎ የማያየኝ።

ይባስ ብሎ ሚስቴ ኖቬላ የምትሠራው እሱ ዘንድ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ጥይት ሲያገኘው የሚፈነዳውን የቀይ ቀለም ከረጢት ከሸሚዙ ሥር የምትሰፋለት እሷ ናት። በቀን ሦስት ጊዜ ከተመታ ሦስት ጊዜ ደረቱን ትነካለች ማለት ነው። «ሥራዬ ነው» ትላለች። ፊልሙ ሲወጣ ደግሞ እሁድ እሁድ ሄዳ ታየዋለች፣ አንዱን ፊልም አራት ጊዜ። «ስፌቴን ልይ ብዬ ነው» ትላለች። ስፌት ለማየት የከንፈር ቀለም ምን ያደርጋል?

አንድ ዓርብ ጠዋት ሰባተኛውን ፊልም ድምፅ እያለበስን ነበር። ፊልሙን ቆራርጠው የእያንዳንዱን ቁራጭ ጫፍና ጫፍ ያጋጥሙታል፤ ቀለበት እንለዋለን። ሦስት ሰኮንድ የማትሞላው ቁራጭ ቃሉ ከከንፈሩ ጋር እስኪገጥም ድረስ እየዞረች ትመላለሳለች። በዚች ቀለበት ኮሚሳሪዮው በጥይት የተመታች ፍቅረኛውን አቅፎ «አትሂጂ» ማለት ነበረበት።

ከንፈሩ ግን «አትሂጂ» አላለም። ከንፈር ማንበብ እንጀራዬ ነው። መጀመሪያ አሞጠሞጠ፣ ቀጥሎ የላይኛው ጥርሱ የታችኛውን ከንፈሩን ነካ አደረገ፣ ከዚያ ለስለስ ብሎ ተከፈተ። ኖቬ። ቀለበቱ ዞረ። ኖቬ። ሚስቴን ሰው ሁሉ ኖቬላ ነው የሚላት። ከስሟ ቆርጬ ኖቬ የምላት እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱንም በራችን ከተዘጋ በኋላ። እሷ ካልነገረችው ከየት ሰማው?

«ኤልቪዮ፣ ምን ነካህ ልጄ?» አለችኝ የቀረጻው ኃላፊ ሲኞራ ዴልፊና። «ሰውየው እየለመናት እኮ ነው፣ ሊያንቃት አይደለም!»

«ከንፈሩ አይገጥምም፣ ሲኞራ።»

«የማንስ ገጥሞ ያውቃል? አንተ ዝም ብለህ ተናገር!»

ሠላሳ ጊዜ አየሁት። በሠላሳ አንደኛው ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ኖቬላ የዓርብ ፓስታችንን ከሽምብራ ጋር እያማሰለች ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት በሩ ላይ ቆሜ።

«ምኑ?»

«አንቺና ያ አይብ ሻጭ!»

«ሳንቴ? አብደሃል እንዴ?»

«በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! ሴትዮዋን አቅፎ ኖቬ ይላል። የኔን ስም! እኔ ያወጣሁልሽን!»

ጭልፋውን እንደያዘች አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ በሳቅ ፈረሰች፤ ወንበር ፈልጋ ቁጭ እስክትል ሳቀች።

«አንተ ጅል! ሰውየው ቃሉን መች አጥንቶ ያውቃል? ድምፁ ለማይቀዳ ምን አስጨነቀው? ካሜራ ሲነሳ ዝም ብሎ ይቆጥራል!» ጣቶቿን ዘረጋችልኝ። «ሴቴ፣ ኦቶ፣ ኖቬ! ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ! ሴትዮዋማ ሃያ ሦስት ላይ ነው የሞተችበት።»

ተዋንያን እንደሚቆጥሩ እኔም አውቃለሁ፤ በሙያችን የማያውቅ የለም። ግን ሰባትና ስምንቱ ሌላ ቀለበት ላይ ቀርተው ለእኔ የደረሰኝ ዘጠኙ ብቻ ነበር። ቅናት ደግሞ ቁጥር ያስረሳል።

«ስሜንማ መች ያውቀዋል?» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ይኸው በሰባተኛው ፊልምም ‹አንቺ መርፌ› ነው የሚለኝ።»

ከላዬ ላይ ድንጋይ የወረደ ያህል ቀለለኝ። እኔም ሳቅሁ። ባርኔጣዬን ሰቀልኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ማንኪያ አነሳሁ። ሁለት ጉርሻ ያህል እንደበላሁ እሷ መሳቋን ማቆሟን አየሁ።

«ኤልቪዮ።»

«እ?»

«ሲለው እንዴት ነበር?»

«ምኑን?»

«ኖቬን ነዋ። አንተ ድምፁን ብታለብሰው ምን ይመስል ነበር? በል እስቲ።»

«አሁን? አፌ ሽምብራ ሞልቶ?»

«በል አልኩህ።»

ልታላግጥብኝ ነው ብዬ ውኃ ጠጣሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከዚያ ያንን ሻካራ፣ ዝግ ያለ የኮሚሳሪዮ ድምፅ ከሆዴ አወጣሁና «ኖቬ» አልኳት።

ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ቀላች። አሥራ አንድ ዓመት በራሴ ድምፅ ስጠራት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ስትሆን አላየሁም። ዓይኖቿን ጨፍናለች። እኔን ላለማየት መሆኑ ገባኝ።

«ድገመው» አለችኝ፣ ዓይኖቿን ሳትገልጥ።

አንጀቴ እያረረ ደገምኩላት።