የሦስተኛ ፎቅ ፈተና

ሆቴሉ ለአዲስ ባለቤቶች ከተሸጠ ወዲህ የጽዳት ሠራተኞቹ ከምሳቸው ጋር እንግሊዝኛ ያኝኩ ጀመር። ወሬው መጀመሪያ የመጣው ከወጥ ቤት ነው፤ ከእንግዳ ጋር የሚገናኝ ሠራተኛ ሁሉ በእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ይፈተናል፣ ያላለፈ ይሰናበታል ተባለ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ማስታወቂያው ተለጠፈና ሳቁ ቆመ።

የሚያስተምራቸው ካሸሩ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያቋረጠ፣ ምላሱ ፈጣን፣ ሆዱ ሩኅሩኅ የሆነ ወጣት ነው። በምሳ ሰዓት አንሶላ መጋዘኑ ውስጥ ይሰበስባቸውና የካርቶን ክዳን ላይ በማርከር እየጻፈ ያስረዳቸዋል። እነሱ በታጠፉ ብርድ ልብሶች ላይ ተደርድረው ይሰሙታል።

«ፈታኟ የምትጠይቀው ሐሳብና ስሜት ነው» አላቸው። «ምን ታስቢያለሽ፣ ምን ይሰማሻል፣ ምን ያስደስትሻል፣ ምን ያሰጋሻል። መልሱ ሁሉ መልኩ አንድ ነው። አይ ቲንክ ዛት፣ አይ ፊል ዛት፣ አይ አም ግላድ ዛት፣ አይ አም አፍሬይድ ዛት። ዛት ማለት በር ናት። በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ባዶ ቤት እንዳይጠብቃችሁ፤ ሰውም ይኑርበት፣ ሥራም ይኑርበት። ዛት ብሎ ዝም ማለት ደጃፍ ላይ ተገትሮ መቅረት ነው።»

«ቁልፉን ማን ይዞታል?» አለች የሁለተኛ ፎቅ ጽዳት፣ ሳቂታዋ የሚሏት። መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ።

እትዬ ሦስተኛ አልሳቀችም። ስሙ የወጣላት ጠጉሯ ገና ሽበት ሳያውቅ ጀምራ ሦስተኛ ፎቅን ስለያዘች ነው። ዛትን በሁለተኛው ቀን ለምዳታለች። የከበዳት ከዛት በፊት ያለው ነገር ነበር። በራሷ ቋንቋ ሰው የሚለውን ሁሉ ይልና መጨረሻ ላይ «ይመስለኛል» ብሎ፣ ራሱን በጭራው በኩል ሹልክ አድርጎ ያስገባል። ሲፈልግም ይተወዋል። ይሄኛው ግን ገና ከመነሻው «እኔ» ብለህ ደረትህን ካልነፋህ አያስገባህም።

«አንተ ልጅ» አለችው፣ «ይቺ 'አይ' የምትላት መጨረሻ ላይ ብትመጣ ምን ይላል?»

«አይሆንም እትዬ፤ ከሁሉም ፊት ናት።»

«ምነው ክብሯ በዛ!»

ሥራ ያስተማረቻት የድሮዋ የጽዳት አለቃ ሕጓ አጭር ነበር፤ እንግዳ ፊት «እኔ» የለም። እንግዳ ስለ ቤትሽ ከጠየቀሽ «ሁሉ ደህና ነው» በዪ። እጁን ዘርግቶ «ይሄ ምን ይመስልሻል?» ካለሽ አስተያየትሽ አምሮት እንዳይመስልሽ፤ አንሶላው ላይ ጠጉር አይቶ ነው። ይቅርታ ጠይቂ፣ አንሶላውን ለውጪ፣ ውጪ። አንዲት ጽዳት ልጇ መታመሙን ለአንድ እንግዳ ነገረችና፣ እንግዳው አዝኖ ብር ሰጣት። አለቃዋ በዚያው ቀን «ለማኝ አልቀጠርኩም» ብላ አባረረቻት። ያን ቀን የተባረረችዋን ጽዳት ጋሪ እየገፋች ወደ መጋዘን የመለሰችው እትዬ ሦስተኛ ስለነበረች፣ ነገሩ አጥንቷ ድረስ ገብቷል።

ቤት ውስጥ የምታስጠናት ልጇ ነበረች። ልጅቷ ነርስነት ትማራለች፣ የመጨረሻ ዓመቷ ነው፤ ክፍያው የሚወጣው ከእናቷ ደመወዝ ነው። እናት የልጇን ነጭ ጋውን እየተኮሰች፣ ልጅ አልጋው ጫፍ ላይ እግሯን አጣጥፋ ይለማመዳሉ።

«የካሸሩን አትድገሚ እማዬ፤ ከራስሽ አውጪ።»

እናት ካውያውን አቆመችና አሰበች። ከዚያ ቃል በቃል እየረገጠች፣ ጉልበቷ ደረጃውን ብዙ የሚችል እንደማይመስላት በእንግሊዝኛ ተናገረች።

«ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነው። ጉልበት ግን አታንሺ፣ በኋላ ታማለች ይሉሻል። ሌላ።»

አዲሶቹ ባለቤቶች ኮሪደር ላይ ሲያልፉ ሰውን እንደ ግድግዳ እንደሚያዩት እንደሚሰማት ተናገረች።

«እማዬ! ይሄንንስ ጭራሽ!»

«ከራስሽ አውጪ አላልሽም እንዴ? ራሴ ያለው ይሄው ነው።»

ተሳሳቁ። እናት ካውያውን አንስታ እንደገና አስቀመጠችው። «አይ አም አፍሬይድ ዛት…» አለችና በሩን ከፍታ ገባች፤ ልጄ ትምህርቷን ታቋርጣለች ብዬ እፈራለሁ ነበር ያለችው፣ ሳትደናቀፍ፣ ከዳር እስከ ዳር።

ልጅቷ የብርድ ልብሱን ጠርዝ መነካካት ያዘች።

«ምነው፣ ስህተት አለው?»

«የለውም» አለች ልጅቷ። «ፈታኟን እንደሱ ግን አትበያት። እዚህ በመሥራቴ ደስ ይለኛል በያት።»

የፈተናው ዕለት ቢሮዎቹ ቀለም እየተቀቡ ስለነበር ፈታኟን በሦስተኛ ፎቅ አንድ ክፍል አስቀመጧት። ክፍሉን ጠዋት ያሰናዳችው ራሷ እትዬ ሦስተኛ ናት። አንሶላውን ወጥራ፣ ፎጣ ሰቅላ፣ ብርጭቆዎቹን ገልብጣ ወጣች፤ ለእንግዳ እንደምታደርገው።

ሳቂታዋ ቀድማ ገብታ ፊቷ በርቶ ወጣች። «የጠየቀችኝ አንዱም አልገባኝም! ለሁሉም 'አይ ቲንክ ዛት ኤቭሪቲንግ ኢዝ ቬሪ ጉድ' አልኳት። ወደደችኝ መሰለኝ!»

እትዬ ሦስተኛ ሽርጧን አስተካከለች። በሩን እንደ ልማዷ በጣቷ መገጣጠሚያ አንኳኩታ፣ ግቢ እስክትባል ጠብቃ ገባች። ፈታኟ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀምጣለች፤ ወጣት ናት፣ መነጽር አድርጋለች፣ ፈገግታዋ መልካም ነው። ተቀመጪ አለቻት። እንግዳ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ስለማታውቅ አልጋው ጎን እንደቆመች ቀረች።

ፈታኟ እጇን ዘርግታ ክፍሉን በሙሉ አሳየቻት። «ስለዚህ ክፍል ምን ታስቢያለሽ?»

ጥያቄው በደንብ ገብቷታል። ግን ዓይኗ ከአእምሮዋ ቀድሞ ሄደ፤ መጋረጃው አንድ ቦታ ላይ ተጨራምቷል፣ ከብርጭቆዎቹም በአንዱ ላይ የውሃ ጠብታ ደርቋል። ፊቷ ጋለ። «ሶሪ ማዳም» አለችና ብርጭቆውን አነሳች።

«አይ፣ አይ፣ ተዪው» አለች ፈታኟ እየሳቀች። «ስለ ክፍሉ ምን እንደሚሰማሽ ንገሪኝ።»

ያልተደሰተ እንግዳም እንዲህ እየሳቀ ነው የሚጀምረው። «ሶሪ ማዳም፤ አሁን፣ አሁን» አለችና መጋረጃውን ልታስተካክል ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታ ጨርቁን ስትጎትት የወረቀት ድምፅ ሰማች፤ ፈታኟ ትጽፋለች።

ስትመለስ ፈታኟ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ ጠየቀቻት። «በአሁኑ ጊዜ የሚያሰጋሽ ነገር አለ?»

ያቺ ዓረፍተ ነገር ተነስታ መጣች። በጋውኑ ላይ የተለማመደቻት፣ ስህተት የሌለባት፣ ሙሉዋ። ጥርሷ ድረስ ደረሰች። ነገር ግን እዚህ ክፍል ውስጥ፣ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው፣ ልጄ ብሎ መጀመር…

«ኖ ማዳም» አለች። «ኖ ፕሮብለም።»

በሩን ድምፅ ሳታሰማ ዘጋችው።

የጽዳት ኃላፊዋ ሁሉንም ተራ በተራ ኮሪደር ላይ እየጠራች ውጤታቸውን ነገረቻቸው። ሳቂታዋ አልፋለች። ለእትዬ ሦስተኛ እስከ ወሩ መጨረሻ እንደምትሠራ ነገረቻት፤ አዝኛለሁ አለቻት፣ እውነቷንም ነበር።

ካሸሩ ደረጃውን እየዘለለ መጣ። «እትዬ፣ ምን ነካዎት? ከሁሉም የሚበልጡት እኮ እርስዎ ነበሩ!»

«ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ምን ታስቢያለሽ ስትለኝ፣ ቅር ያላት መሰለኝ።»

«ይህንኑ ብቻ ቢነግሯት እኮ ያልፉ ነበር!»

«አዎ» አለች። «አሁን ገባኝ።»

እሱ ግን አላረፈም፤ ድጋሚ እንድትፈተን ሊለምንላት ወደ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ገባ። ቶሎ ወጣ። ምን እንዳሉት አልነገራትም፤ ካውንተሩ ኋላ ተቀምጦ ደረሰኝ ማስተካከል ያዘ።

ማታ ለልጇ ነገረቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም። ጥግ ያለው መድኃኒት ቤት ሻጭ እንደሚፈልግ፣ ባለቤቱንም አነጋግራው በፈለግሽ ቀን ጀምሪ እንዳላት፣ ነገም እንደምትጀምር ተናገረች።

«መቼ አነጋገርሽው?»

«ቆየ።»

«ከፈተናው በፊት ነው?»

ልጅቷ የቀዘቀዘውን ሻይ ወደ በራዱ መለሰችው። እናት ልጇ አንድም ቀን እናቴ ታልፋለች ብላ እንዳላመነች ያን ጊዜ አወቀች። እያስጠናቻት፣ እያረመቻት፣ እየሳቀችላት፣ አላመነችም። ልትቆጣት ፈለገችና የምትቆጣበት ነገር አጣች።

«ትምህርቱስ?» አለች።

«ይቆያል።»

መጻሕፍቱን ልጅቷ ራሷ በላስቲክ ጠቅልላ አልጋው ሥር አስገባቻቸው። አይጥ እንዳይነካቸው ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገቻቸው።

ጠዋት ሁለቱም አብረው ወጡ። ጥግ ላይ ሲደርሱ ልጅቷ ጫማዋን በወረቀት ጠረገችና ወደ መድኃኒት ቤቱ ታጠፈች። እናት ልጇ መንገዱን እስክትሻገር ቆማ ጠበቀቻትና ወደ አውቶቡሱ ሰልፍ ሄደች፤ ወሩ ገና አላለቀም።